«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» — ለባለቤቲቱስ?

መቲ ላይ ዝናብ ሲመጣ አስቀድሞ አይናገርም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ደምቃ ሳለች ከደኑ በላይ ጥቁር ደመና ብቅ ይላል፤ አፍታም ሳይቆይ ሴቶች ከየቤቱ ሮጠው ይወጡና ሸራ ላይ የተሰጣውን ቡና ማፈስ ይጀምራሉ። ባለፈው ኅዳር ወር ለዚህ ዓምድ የቤት እመቤቶችን ለማነጋገር ወደዚያች ከተማ ጎራ ባልሁ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ማስታወሻ ደብተሬን ብብቴ ውስጥ ወትፌ፣ ከማላውቃት ወይዘሮ ጋር ጎንበስ ብዬ ቡና አፈስሁ። ጆንያው ከተቋጠረ በኋላ «ግቢ እንጂ ልጄ፣ እንዲህ በስብሰሽ የት ትሄጃለሽ? ቡና ይፈላል» አለችኝ። ገባሁ።

መቲ በጋምቤላ ክልል የማጃንግ ዞንና የጎደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። በዙሪያዋ ያለው ደን ለዓይን እስኪያታክት ድረስ የተንጣለለ ሲሆን፣ በሰኔ ወር 2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ የማጃንግ ደን ብሎ ከዓለም የባዮስፌር ሥፍራዎች ተርታ መዝግቦታል። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ማጃንግ ነው። ቡናውንና ለም መሬቱን ሰምተው ከደጋው አገር የመጡ ቤተሰቦችም በከተማዪቱና በገጠሩ በብዛት ይኖራሉ። የቡና እንግዳ ያደረገችኝ ወይዘሮ ከእነዚህ አንዷ ናት። ከምሥራቅ ጎጃም ከባለቤቷ ጋር ከመጣች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ስሟ በጋዜጣ እንዳይወጣ አደራ ስላለችኝ «ወይዘሮዋ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ምክንያቷን አንባቢ ወደ ኋላ ይረዳዋል።

ረከቦቱ ቀርቦ፣ ቄጤማውም ተጎዝጉዞ፣ ጎረቤቲቱም የማጃንግ ተወላጅ የሆኑ አንዲት እናት መጥተው ከተቀመጡ በኋላ ወሬው ከቡና ዋጋ ተነስቶ ወደ ልጆች፣ ከልጆች ወደ ትምህርት ክፍያ ሄደ። የወይዘሮዋ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ የነርስነት ኮሌጅ ለመግባት ትፈልጋለች። ለክፍያው የሚሆን ግን ከዘንድሮው ቡና አይገኝም። «የአባትሽ ቤት አለ አላልሽም እንዴ?» ብለው ጎረቤቲቱ ጠየቋት። ወይዘሮዋም ሁለተኛውን ሲኒ እየቀዳች እንዲህ አለች፤

«አለ እንጂ። ዋናው ቤት፣ ጓሮው ላይም ሁለት ክፍል ሰርቪስ። አባቴ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እናቴ እዚያው ስትኖር ቆይታ አምና በመስከረም ዐረፈች። አሁን ወንድሜ ይዞታል፤ ሰርቪሱንም አከራይቶታል። ስለ ቤቱ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አላነሳልኝም። ግዴለም፣ ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ነው። ለእኔ ባይሆን ለልጆቼ ይመለሳል።»

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ቅሬታ አልነበረም። እንዲያውም የተጽናናች ትመስል ነበር። እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው መጽናናቷ ነው።

ይህን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ማለት ያስቸግራል። የተወሰደ ሀብት ሲመለስ፣ የተካደ አደራ ሲወጣ፣ አንዳንዴም ጎረቤት ቤት ተረስቶ የከረመ ጃንጥላ ሲገኝ ሁሉ ይጠቀሳል። በትክክል ምን ማለት እንደሆነና ከየት እንደመጣ ግን ቆም ብለን የምናስብ ጥቂቶች ነን።

«ርስት» የሚለው ቃል «ወረሰ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው። ግዕዙ «ወለደ» ብሎ «ልደት» እንደሚል ሁሉ «ወረሰ» ብሎ «ርስት» ይላል። ስለዚህ ርስት ማለት በመሠረቱ የተወረሰ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የወረደ ማለት ነው። ሰው በገንዘቡ የገዛው ወይም ከመንግሥት በሹመት የተሰጠው መሬት ሌላ ስም ነበረው፤ ለባለሥልጣን ግብር እንዲበላበት የሚሰጠው ለምሳሌ ጉልት ይባል ነበር። ጉልት ከሹመት ጋር ይመጣል፣ ከሹመት ጋር ይሄዳል። ርስት ግን ከደም ጋር ነው የሚመጣው። «አጽመ ርስት» የሚባለውም ስለዚሁ ነው፤ አጽም አጥንት ነውና።

በጎጃም፣ በበጌምድር፣ በወሎ፣ በሰሜን ሸዋና በትግራይ የነበረው የርስት ሥርዓት ከአገር አገር ልዩነት ቢኖረውም በአብዛኛው እንዲህ ነበር። አንድ አቅኚ አባት በጥንት ዘመን መጥቶ መሬቱን መንጥሮ ይይዛል። ከእሱ የተወለደ ሁሉ፣ በአባቱም በኩል ይምጣ በእናቱ፣ በዚያ መሬት ላይ ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። መሬቱን የሚያርሰው ሰው ያረሰውን ይብላ እንጂ ለባዕድ ሸጦ የመሄድ ሥልጣን የለውም፤ ገና ያልተወለዱትም ባለድርሻዎች ናቸውና። አንድ ሰው አያቱ በልጅነታቸው ከአገር ወጥተው በሌላ አውራጃ ቢሞቱ እንኳ ተመልሶ መጥቶ፣ አጥንቱን ቆጥሮ፣ «እኔ የእገሌ ልጅ የእገሌ የልጅ ልጅ ነኝ» ብሎ ካስረዳ «ቆይተሃልና አይገባህም» ተብሎ አይመለስም ነበር። «ሺህ ዓመት» የተባለው ይህ ነው። ቁጥሩ የዘመን ልክ አይደለም፤ የጥያቄው በር በጊዜ ብዛት አይዘጋም ለማለት ነው። «ባለቤት» የተባለውም መሬቱን በእጁ የያዘው አይደለም፤ በዘር የሚገባው ነው።

ፈረንጆች በሀብት ላይ የተወለደውን ልጅ የብር ማንኪያ በአፉ ይዞ ተወለደ ይሉታል። ክርስትና አባቶች ለሚያነሱት ሕፃን የብር ማንኪያ መስጠት ልማዳቸው ስለነበር ነው ይባላል። የእኛ አነጋገር ስለ ልጁ ድሎት አንድም ቃል አይናገርም። የሚናገረው ስለ ክርክር ነው። ገና ሲጀምር አንድ የተነጠቀ፣ አንድ የነጠቀ፣ አንድ የሚጠብቅ ሰው በውስጡ አለ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ነገር አለ። በዚያ ሥርዓት ሺህ ዓመቱ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው አልነበረም። ሰውየው ይመጣል፤ ሽማግሌ ይጠራል፤ ዘሩን ይቆጥራል፤ ከያዡ ጋር ይሟገታል፤ ምስክር ያቆማል። ሙግቱም ዓመታት ሊፈጅ ይችል ነበር። አለን ሆበን የተባሉት አሜሪካዊ አጥኚ በጎጃም ዳሞት የርስትን ሥርዓት ተመልክተው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ በዘር ሐረግ የሚጠየቀው ርስት ብዙ ቢሆንም በእጅ የሚገባው ጥቂት ነበር፤ እጅ የሚገባውም ሰሚ ላለው፣ ጉልበትና ወገን ላለው ሰው ነው። መብቱ በሺህ ዓመት አይጠፋም፤ እህሉን ግን በየዓመቱ የሚበላው ያው የያዘው ነው።

ታዲያ ሴቷ ከየት ትቆም ነበር? በደንቡ ከሆነ ከወንድሟ እኩል ነበረች። ርስት በሴት ልጅም በኩል ይወርዳል። የልጅ ልጇ መጥቶ «በአያቴ በኩል ይገባኛል» ብሎ ስሟን ጠርቶ ይሟገታል። በኑሮ ግን ሌላ ነው። ሴት ልጅ ስትዳር ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች። በሬ ጠምዶ ማረስ ለሴት ነውር ስለነበር መሬቱ ቢሰጣት እንኳ በእኩል የሚያርስላት መፈለግ አለባት፤ የሚያርስላትም አብዛኛውን ጊዜ ያው ወንድሟ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እኩል ይልክላታል፤ በሁለተኛው ዝናቡ ጠፋ ይላታል፤ በሦስተኛው «ስትዳሪ በማጫ ሸኝተንሽ የለም ወይ?» ይባላል። ከዚያ በኋላ እሷ የምትታወሰው አጥንት ሲቆጠር ነው። በሕይወት ሳለች ያልበላችውን መሬት ከሞተች በኋላ በስሟ ሌሎች ይወርሱበታል። በበኩሌ ይህን አባባል ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው። «ለባለቤቱ» የሚለው ቃል በወንድ አንቀጽ የተነገረ መሆኑን እንደ ሰዋስው ነገር ብቻ ልመለከተው አልቻልሁም።

የርስት ነገር በእኛ ብቻ የተጀመረ አይደለም። በብሉይ ኪዳን ሰለጰዓድ የተባለው ሰው ወንድ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። አምስት ሴቶች ልጆቹ፣ ማህላ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ፣ በሙሴና በአለቆች ፊት ቆመው የአባታችን ስም ስለምን ይጥፋ፣ ርስት ይሰጠን ብለው ጠየቁ፤ ተፈረደላቸውም። ቆየት ብሎ ግን የነገዱ አለቆች መጥተው፣ ባዕድ ቢያገቡ መሬቱ ከነገዳችን ይወጣል ብለው ስላመለከቱ ከገዛ ነገዳቸው እንዲያገቡ ታዘዙ። ታሪኩ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 27 እና 36 ይገኛል። እኔን የሚያስገርመኝ አምስቱ እህትማማቾች ሺህ ዓመት አለመጠበቃቸው ነው። መሬቱ ገና ሳይከፋፈል ሄደው ጠየቁ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጆች የወላጆቻቸውን ሀብት እኩል እንዲወርሱ ደነገገ። የወራሹ ጾታ በመብቱ ላይ አንዳች ለውጥ አያመጣም። ያው ሕግ ታዲያ ጊዜም ቆረጠ። በቁጥር 1000 እንደተጻፈው፣ ያለ አግባብ እንደ ወራሽ ሆኖ ሀብቱን የያዘውን ሰው ለመክሰስ የሚቻለው፣ ከሳሹ መብቱንና ሀብቱ በሌላው መያዙን ካወቀ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። ባያውቅም እንኳ ሟቹ ከሞተ ወይም መብቱን ለመጠየቅ ከቻለበት ቀን ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት ካለፈ በሩ ይዘጋል። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ ቀርቷል፤ ይኸውም ከዘር የወረደ ርስት ሲሆን አሥራ አምስት ዓመቱ አያግደውም የሚለው ነው። የጥንቱ አባባል በአዲሱ ሕግ ውስጥ በአንዲት ሐረግ ተሸሽጎ ተረፈ ማለት ይቻላል።

ከዚያም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የርስት ሥርዓት በዚያ ቀን ተፈጸመ። መሬት መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማውረስ ቀረ። ባለይዞታው ሲሞት ግን ሚስቱ ወይም ባሏ ወይም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቻቸው በመሬቱ መጠቀም እንዲቀጥሉ ተፈቀደ፤ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ወንድ ሴት ሳይባል መሬት እንዲሰጠውም ተጻፈ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጽንቶ፣ በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት በማፍራትና በውርስ ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። መሬቱ የግል ካልሆነ ዘንድ «የዘር ርስት» የሚለው ልዩ ሁኔታ ዛሬ የሚጠቅመው ማንን ነው? ለመከራከር ለሚወዱ የሕግ ሰዎች እተወዋለሁ። በከተማ ያለ ቤት ግን ይወረሳል። የወይዘሮዋም ነገር የቤት ነገር ነው።

ማጃንጓ እናት ይህን ሁሉ ሙግት ሲሰሙ በሺህ ዓመቱ ሳቁ። «እናንተ አገር መሬቱ ያረጃል እንዴ?» አሉ።

የማጃንግ ሕዝብ ለዘመናት በደኑ ውስጥ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ፣ መንጥሮ በቆሎና ማሽላ እየዘራ፣ መሬቱ ሲደክም ለደኑ መልሶ እየተወ የኖረ ነው። በዚህ ዓይነት ኑሮ አንድን ማሳ አጥሮ ለልጅ ልጅ ማስተላለፍ ትርጉም የለውም። ሀብቱ ማር ነው። ከግንድ የተፈለፈለ ቀፎ በረጅም ዛፍ ጫፍ ይሰቀላል። «የቱ ዛፍ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ መጻፍ አያስፈልግም» አሉኝ። ሴት ልጅስ ከአባቷ ቀፎ ይደርሳት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ሴት ዛፍ ትወጣለች?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ፤ ቀጥለውም «ማሩን ግን የምትበላው እሷ ናት» ብለው ሳቁ። ጎጃሜዋ ወይዘሮ በሬ መጥመድ ነውር ነው ስትል፣ ማጃንጓ እናት ዛፍ መውጣት ነውር ነው ሲሉ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁ። ሁለቱም ግን ነገሩን የሚያመሳስሉት አልመሰላቸውም።

መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በዚያ አካባቢ የቡና ወሬ ብቻ እንዳልሆነ መናገር ያስፈልጋል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚሁ በመቲና በአካባቢዋ በመሬት ሰበብ በተነሳ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ሁለቱ ሴቶች ያን ጊዜ አንስተው ብዙ አልተናገሩም። ወይዘሮዋ «እሳቸው ናቸው ልጆቼን ያስጠጉልኝ» ብላ ወደ ጎረቤቷ በአገጯ ጠቆመች፤ ወሬውም ወደ ሌላ ሄደ።

በዚያው በጋምቤላ ክልል ያለ ሌላ የወረስነው ሀብት ዓይነት ደግሞ አለ። በአኝዋ ሕዝብ ዘንድ ዲሙይ የሚባል ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ ለጋብቻ ለሴቷ ወላጆች የሚቀርብ ሀብት ሆኖ ኖሯል። ዶቃው ከድሮ ጊዜ በንግድ የገባ ስለሆነ እንደ ከብት አይራባም፤ ያው ራሱ ከቤት ወደ ቤት፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲዞር ይኖራል። እህት ስትዳር የመጣው ዲሙይ ወንድም ሲያገባ ይወጣል። እዚህም ሴት ልጅ ሀብቱ የሚተላለፍባት በር ናት፤ ዶቃውን በአንገቷ አስራ የምትቀር ግን አይደለችም።

በማግስቱ ስለ ወይዘሮዋ ቤት አንድ የማውቃቸውን የሕግ ባለሙያ በስልክ ጠየቅሁ። ነገሩን በጥሞና ሰምተው፣ «ሺህ ዓመት የሚባለውን ተይውና መስከረም መቼ እንደነበረ ንገሪኝ» አሉ። ያስረዱኝን በአጭሩ ላስቀምጥ፤ ብዙ አንባቢዎቻችንን የሚነካ ነውና።

ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ ያፈሩት ቤት የጋራ ነው። ባል ሲሞት ግማሹ ቀድሞውንም የሚስት ስለሆነ ውርስ አይደለም፤ የሷው ነው። ለልጆች የሚወርደው የሟቹ ግማሽ ብቻ ነው። (ሚስት የባሏን ግማሽ በሕግ አትወርስም፤ ባልም የሚስቱን። ለተጋቢው እንዲተርፍ የሚፈልግ ሰው ኑዛዜ መጻፍ አለበት። ይህን የማያውቁ ጎረቤቶች ብዙ ናቸው።) ስለዚህ በጎጃሙ ቤት ውስጥ ሁለት ውርሶች አሉ፤ አንዱ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የተከፈተው የአባት ግማሽ፣ ሌላው አምና በመስከረም የተከፈተው የእናት ግማሽ። የአባትየው ግማሽ ክርክር አያጣውም፤ እናት እስከ ዕለተ ሞታቸው በቤቱ ስለኖሩ ወንድምየው ቤቱን ለብቻው መያዝ የጀመረው መቼ ነው የሚለው መታየት አለበት። የእናትየው ግማሽ ግን ገና ነው። ሦስቱ ዓመት አልሞላም።

«ፍርድ ቤቱ ይርጋን በራሱ አያነሳም» አሉኝ ባለሙያው፤ «የሚያነሳው ተከሳሹ ነው። ወንድሞች ደግሞ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን አይረሱም።»

አንዳንድ አንባቢ እህት ወንድሟን ከምትከስ ቤቱ ቢቀር ይሻላል ይል ይሆናል። ይህ ስሜት ለእኔም እንግዳ አይደለም። አክስቴ የአያቴ ቤት ሲሸጥ ድርሻዋን አልጠየቀችም። «ወንድሟን የከሰሰች ከምባል ብደኸይ ይሻለኛል» ትል ነበር፤ እንዳለችውም ሆነ። ወንድምየውም ክፉ ሰው አልነበረም። ዝም ስላለች የማትፈልግ መሰለው፤ ወይም እንዲመስለው ፈለገ። በኋላ ስትታመም ለመድኃኒት ብር ሲልክላት እንደ ችሮታ ተቆጥሮለት ቤተሰቡ ሁሉ ሲያመሰግነው እኔው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የላከላት የራሷን መሆኑን የተናገረ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርሁም፤ ልጅ ነበርሁ ልበል።

መጠየቅ ደግሞ ወዲያው መክሰስ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ነው። ይህ ማንንም አያስወቅስም፤ የእገሌ ልጅ ነኝ ማለት ነው፤ በጥንቱ አነጋገር አጥንት መቁጠር ነው። ከዚያ በኋላ በሽማግሌ መስማማት ይቻላል፤ ከተስማሙም ስምምነቱን በጽሑፍ ማድረግ ይበጃል። ከልብ የመነጨ ስጦታ እንኳ ቢሆን፣ ለወንድሟ ልትተውለት የምትፈልግ እህት የምትተወው ምን እንደሆነ ዐውቃ ብትተወው ክብሩ ለሁለቱም ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወይዘሮዋ ቤት ተመልሼ ሄድሁ። ቡናው እንደገና ተሰጥቷል፤ ማጃንጓ እናትም በዱላ ዶሮ እያባረሩ ከአጠገቡ ተቀምጠዋል። የተነገረኝን ነገርኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም ከመስከረም ጀምራ በጣቶቿ መቁጠር ያዘች። አሥራ አራት ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሃያ ሁለት ወር ቀርቶኛል ማለት ነው» አለች።

«ከዚያም በፊት ቢሆን ይሻላል፣ እትዬ» አልኋት። ጉዳዩ የሚታየው ወላጆቿ ይኖሩበት በነበረው አገር እንደሆነ፣ መሄድ ካልቻለች ለምታምነው ሰው ውክልና መስጠት እንደምትችልም ጨመርሁ።

«ለማን ልወክል? ዘመዱ ሁሉ እሱ ዘንድ ነው የሚበላው። ራሴው እሄዳለሁ እንጂ።» ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «መጀመሪያ ደውዬ እነግረዋለሁ። ሳይሰማ ከወረቀት ላይ ቢያየው ያመዋል» አለች።

ምን ምን መያዝ እንዳለባት እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ከማስታወሻዬ አንድ ገጽ ቀድጄ የሁለቱን ወላጆቿን የሞት ማስረጃ፣ የራሷን የልደት ማስረጃ፣ የቤቱን ካርታ ቅጂ፣ ወላጆቿን የሚያውቁ ምስክሮች ብዬ ጻፍሁላት። ካርታው ላይ ስትደርስ «እሱ እጅ ነው ያለው» አለች። ከከተማው ማዘጋጃ ቤት መጠየቅ እንደምትችል ከጎኑ ጻፍሁ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው።

ሰማዩ መጥቆር ጀምሮ ነበር። «ቡናውን ማን ይጠብቀዋል ታዲያ አንቺ ስትሄጂ?» አልኋት፤ ለነገሩ ነበር። መልሱን የሰጡት ማጃንጓ እናት ናቸው። «እኔ አፍሳለሁ» አሉና ዱላቸውን አስቀምጠው ተነሱ፤ ሦስታችንም የሸራውን ጫፍ ጫፍ ያዝን።